ባቡርም ታክሲም የቆሙበት ቀትር

ቀረብ በሉና ስሙ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ግን አንዱ አንዱን እየጎተተ ስለሚመጣ አያደክምም።

አቶ ታደገና ወይዘሮ ብዙነሽ የሚባሉ ባልና ሚስት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሟ ሕሊና ነው። ሕሊና ነርስ ሆና ተመረቀችና ስልክ እንኳ እንደ ልብ በማይሠራበት ሩቅ ወረዳ ተመደበች። ወደዚያ ስትሄድ በመንገዷ ላይ ባለች አንዲት የቆላ ከተማ ግማሽ ቀን ታርፋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡስ ካረፈችበት ሆቴል ደጃፍ መጥቶ ይወስዳታል። ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ መተያየት የለም። እናትና አባትም ዓይኗን አይተን እንመለስ ብለው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈሩና ልክ በስድስት ሰዓት እዚያች ከተማ አረፉ።

የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስተው ሆቴሉ መድረስ፤ ሌላ ምንም።

ከበሩ ሲወጡ በስተግራ ባቡር ቆሟል፣ በስተቀኝ ታክሲ ቆሟል። ወይዘሮ ብዙነሽ ባቡሩን ሲያዩ ልባቸው ሸፈተ፤ ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። አቶ ታደገ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲያሰማሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ሒሳቡን ሠሩ። ባቡሩ ሰባት ቦታ ይቆማል፤ ጣቢያው ላይ ከወረዱ በኋላም ሻንጣ እየጎተቱ መሄድ አለ። ታክሲው ደግሞ ሆቴሉ በር ላይ ያደርሳል። የአንዱ መንገድ አርባ ደቂቃ፣ የሌላው ሃያ።

“ብዙዬ፣ ሃያዋን ደቂቃ ባቡር ላይ ከምትቀመጪ ከልጅሽ ጋር ብትቀመጪ አይሻልም?” አሏቸው።

ሻንጣው ታክሲው ላይ ተጫነ፤ ወይዘሮ ብዙነሽም ባቡሩን ዞር ብለው እያዩ ገቡ።

ታክሲው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። ሐዲዱ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ ማገጃ ወርዷል። ባለታክሲው ዋሲሁን የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ ሞተሩን አጠፋና፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚያወጣው መንገድ ይህ ብቻ እንደሆነ፣ ማገጃው ካልተነሳ ደግሞ ወዴትም መሄድ እንደማይቻል በትሕትና አስረዳቸው። አቶ ታደገ ወርደው ማገጃ ጠባቂውን ለመኑት። እሱም ባቡር ሳያልፍ ማገጃ አላነሳም አለ። ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም።

“እንግዲያው ባቡሩን እንሳፈር” አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ደስታቸውን እንደምንም ደብቀው።

ሻንጣውን ለዋሲሁን ትተው ወደ ባቡሩ ተመለሱ። ተሳፋሪው ግማሹ ወርዶ ጥላ ፍለጋ ተበትኗል። ትኬት ቆራጩ በጣቱ ወደ ፊት አሳያቸው። ከባቡሩ አፍንጫ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንዲት ግመል ሐዲዱ ላይ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና ታመሰኳለች። ሰዎች ገፍተዋታል፣ አልተነቃነቀችም። ውኃ ረጭተውባታል፣ ተመችቷታል። ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም፤ ባቡሩ እንዳያልፍ ግመሏ ተኝታለች።

አቶ ታደገ ሰዓታቸውን አዩ። ከስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ግመሏ የማን ናት ብለው ጠየቁ፤ ሮብሌ የሚባል ሰው ግራሩ ሥር እንዳለ ተነገራቸው። ሮብሌ ራሱን በሻርፕ አስሮ ተቀምጧል። ሰላምታቸውን በእጁ ነው የመለሰው። ግመሏ የምትነሳው እሱ ሲዘፍንላት ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ለመንገድ ሲዘፍንላት ድምፁ ተዘግቷል፤ ትኩስ ሻይ ካልነካው ደግሞ አይከፈትም። ይህን ሁሉ የነገራቸው በሹክሹክታ ነው፣ ያም አድክሞት። እንግዲህ ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም፤ ባቡሩ እንዳያልፍ ግመሏ ተኝታለች፤ ግመሏ እንዳትነሳ ሮብሌ አልዘፈነም፤ ሮብሌ እንዳይዘፍን ሻይ አልጠጣም።

“ሻይማ ቀላል ነው” አሉ አቶ ታደገ።

ሻይ ሻጯ ሩቂያ እዚያው ከግራሩ አጠገብ ናት። ትልቁ ማንቆርቆሪያዋ እሳት ላይ ተጥዷል፣ ቅመሙም ከሩቅ ይጣራል፤ ብርጭቆዎቿ ግን እንደታጠቡ ተደፍተዋል። ምነው ቢሏት ባዶውን የስኳር ጣሳ ዘቅዝቃ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ ለዛሬ ያለ ስኳር ብትሰጪውስ ብለው ሞከሩ። ሩቂያም በዚህ አገር ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣ የታመመ ሰው ብቻ ነው፣ ሮብሌም አይቀበለኝም፣ እኔንም መጥፎ ስም ያሰጠኛል አለች። ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም፤ ባቡሩ እንዳያልፍ ግመሏ ተኝታለች፤ ግመሏ እንዳትነሳ ሮብሌ አልዘፈነም፤ ሮብሌ እንዳይዘፍን ሻይ አልጠጣም፤ ሻይ እንዳይጠጣ ስኳር አልቋል።

ስኳር የሚሸጠው የነስሩ ሱቅ ከጣቢያው ጀርባ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባልና ሚስቱ አንዱ የሌላውን ጥላ እየረገጡ ሄዱ፤ ሲደርሱ ሱቁ ተዘግቷል። ነስሩ ራሱ ከሱቁ አጠገብ ያለው ቤቱ ደጃፍ ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል። አቶ ታደገ ግማሽ ኪሎ ስኳር ብቻ ብለው ሲጀምሩ ነስሩ ራሱን ነቀነቀ። እናቱ እማማ ዘሀራ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም። መድኃኒት አላቸው፣ በባዶ ሆድ አይዋጥም። እሳቸው ሳይበሉ እሱ ሱቅ ከፍቶ ስኳር ለመመዘን እጁ እሺ አይለውም። እና ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም፤ ባቡሩ እንዳያልፍ ግመሏ ተኝታለች፤ ግመሏ እንዳትነሳ ሮብሌ አልዘፈነም፤ ሮብሌ እንዳይዘፍን ሻይ አልጠጣም፤ ሻይ እንዳይጠጣ ስኳር አልቋል፤ ስኳር እንዳይመጣ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሱቁ እንዳይከፈት እማማ ዘሀራ አልበሉም።

ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ሲሰሙ ስኳሩንም ግመሏንም ረሱ። እናትህ ለምንድን ነው የማይበሉት ብለው ጠየቁ። ነስሩ ወደ ቤቱ ውስጥ እያየ ነገራቸው። ለሃያ ሁለት ዓመት እማማ ዘሀራ ምሳቸውን የሚበሉት ከጎረቤታቸው ጋር ነበር። ያቺ ጎረቤት ከትናንት ወዲያ ዕቃዋን ጭና ወንድ ልጇ ዘንድ፣ ወደ ሌላ አገር ሄዳለች። እኔም አብሬያቸው ለመብላት ሞክሬ ነበር፤ አንተ በሩን እያየህ ነው የምትጎርሰው ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ አለ።

ታክሲው እንዳይሄድ ማገጃው ወርዷል፤ ማገጃው እንዳይነሳ ባቡሩ አላለፈም፤ ባቡሩ እንዳያልፍ ግመሏ ተኝታለች፤ ግመሏ እንዳትነሳ ሮብሌ አልዘፈነም፤ ሮብሌ እንዳይዘፍን ሻይ አልጠጣም፤ ሻይ እንዳይጠጣ ስኳር አልቋል፤ ስኳር እንዳይመጣ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሱቁ እንዳይከፈት እማማ ዘሀራ አልበሉም፤ እማማ ዘሀራ እንዳይበሉ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው የለም። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። መንገዱ እዚህ ቤት ውስጥ አለቀ።

አቶ ታደገ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሚስታቸውም ተከተሏቸው።

ቤቱ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። እማማ ዘሀራ ምንጣፍ ላይ፣ ክዳኑ ያልተነሳ ትሪ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አቶ ታደገ ገና እንደቆሙ፣ እማማ፣ ይብሉ እንጂ አሉ።

“ቆመህ ነው የምትጋብዘኝ?” አሉ አሮጊቷ።

አቶ ታደገ ተቀመጡ። ትሪው ሲከፈት ሩዝ በድንችና በካሮት ነው፤ እማማ ዘሀራ እንግዶቹ አንገት ላይ ያለውን ክር አይተው፣ ሥጋ የለበትም፣ አትፍሩ አሉ። አቶ ታደገ አንድ ጎረሱ፣ ሁለት ጎረሱ፣ ቶሎ ቶሎ። በልባቸው አሥር ጉርሻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል እያሉ ያሰሉ ነበር። አሮጊቷ ግን አንድ ጊዜ ቀምሰው እጃቸውን መለሱ።

“አንተም ልክ እንደ ልጄ ነህ። ምን አለ በሩ ላይ?”

አቶ ታደገ አውቶቡስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሆቴል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ነው። ልጄ ትሄድብኛለች አሉ። ሌሊት ትኩሳት ሲይዛት ማን ውኃ ያቀብላታል፤ የምትሄድበትን አገር ሰው አታውቅ፣ ቋንቋውን አታውቅ፤ እሷ ስትደውል እየሳቅሁ ጎሽ እላታለሁ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን እንቅልፍ የለኝም አሉ። ይህን ለሚስታቸውም ተናግረውት አያውቁም። ወይዘሮ ብዙነሽ ባላቸውን አዩና ከሩዙ ወደ እሳቸው ጎን ገፋ አደረጉላቸው።

እማማ ዘሀራ ምክር አልሰጡም። ስሟ ማነው አሉ። ምን ትወዳለች፣ በልጅነቷ ታስቸግር ነበር ወይ አሉ። አቶ ታደገ እየመለሱ ይጎርሳሉ፣ አሮጊቷ እየጠየቁ ይጎርሳሉ። ቀጥሎ ተራው የአሮጊቷ ሆነ፤ ስለዚያች ጎረቤታቸው አወሩ፤ ምጣድ ሲዋዋሱ፣ ሲኮራረፉ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ባሎቻቸውን ሲቀብሩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ደግሞ የሕሊናን የሕፃንነት ተንኮል ጨመሩበትና ሦስቱም ሳቁ። አቶ ታደገ ወደ በሩ ማየት የተዉት መቼ እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። ቀና ሲሉ የትሪው ታች ይታያል፤ ነስሩም መድኃኒትና ውኃ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆሟል።

እማማ ዘሀራ በሉ፣ ሱቁ ተከፈተ። ሱቁ ተከፈተ፣ ስኳሩ ተመዘነ። ስኳሩ ተመዘነ፣ ሻዩ ተቀዳ። ሻዩ ተቀዳ፣ ሮብሌ ጠጣ፤ አንዱን ብርጭቆ ጠጣ፣ ሁለተኛውን ጠጣ፣ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሮብሌ ጠጣ፣ ሮብሌ ዘፈነ። ድምፁ ጥላ ሥር ያለውን ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት አስነሳው። ሮብሌ ዘፈነ፣ ግመሏ ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ በኋላ እግሯ፣ ቀጥሎ በፊት እግሯ ተነሳች፤ ዘፈኑንም ተከትላ ከሐዲዱ ወረደች። ግመሏ ተነሳች፣ ባቡሩ ጮኸ።

ዋሲሁን እየሮጠ መጣ። ባቡሩ ሲያልፍ ማገጃው ይነሳል፣ አሁን ታክሲው መሄድ ይችላል፣ ይምጡ አባባ አለ። አቶ ታደገ ባቡሩን አዩ፣ ከማገጃው ኋላ የተሰለፈውን መኪና አዩ፣ መጨረሻ ላይ ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ዓይናቸው ባቡሩ ላይ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረዋቸው ኖረዋልና መናገርም አያስፈልግም ነበር።

“ልጄ፣ ሻንጣውን አምጣልን” አሉት ዋሲሁንን። “በባቡሩ እንሄዳለን።”

ዋሲሁን አልተቀየመም። ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ባቡሩ ላይ ጫነላቸው። ባቡሩ አለፈ፣ ማገጃው ተነሳ፤ ማገጃው ተነሳ፣ ታክሲው ሄደ። ወይዘሮ ብዙነሽ በመስኮቱ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ዋሲሁን ጡሩንባ ነፋላቸው። ባቡሩ ሰባቱም ቦታ ቆመ። በየቦታው ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፤ አንዷ ፓፓያ አቀበለቻቸው፣ አንዱ ለሆቴሉ የሚቀርበውን መውረጃ ነገራቸው። ነፋሱ ሞቃት ነው፣ ከተማው ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ወይዘሮ ብዙነሽም አንዱንም ሳያስቀሩ ሁሉንም አዩ።

ሆቴሉ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ሕሊና ደረጃው ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ነበር፤ እየሮጠች ወርዳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አቀፈቻቸው። ከግቢው ዛፍ ሥር አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። እናት ፀጉሯን አሰሩላት፤ አባት ቁጭ ብለው ሰሟት። አውቶቡሱ መጥቶ ሻንጣዋ ሲጫን ግን ድፍረቷ ከዳት። የአባቷን እጅ ይዛ ቀረች።

“አባዬ፣ እዚያ አንድም የማውቀው ሰው የለም” አለች።

አቶ ታደገ እንደ ወትሯቸው ጎሽ አላሉም።

“እኔም ፈርቼልሻለሁ” አሏት። “ግን ዛሬ እዚህ አንቺ ጋ ያደረሱን ሰዎች አንዳቸውንም ጠዋት አናውቃቸውም ነበር። ስትደርሺ መጀመሪያ ከአንዱ ጋር ቁጭ በይና ብዪ።”

ሕሊና ግንባሯን ደረታቸው ላይ ትንሽ አሳረፈች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተሳፈረች። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ በኋለኛው መስታወት ስትስቅ ትታይ ነበር።

የነገሩ መንገድ እስከዚህ ነው፤ እኔም እዚህ እወርዳለሁ። እናንተ ደህና ግቡ።