ሽፍታ የተባለው ገበሬ

አንድ አገረ ገዥ የመንደራችንን የጋራ ግጦሽ አጥሮ ለራሱ ከብቶች አደረገው። ሰው ሁሉ በየቤቱ አጉረመረመ። ገሠሠ የሚባል ገበሬ ግን በሸንጎ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ መሬት የሁላችን ነው። ለምን ታጠረ?» ሲል ጠየቀ።

አገረ ገዥው ሸንጎውን በትኖ ሄደ። በማግስቱ በገበያ መካከል ነጋሪት አስጎሰመና፣ «ገሠሠ ሽፍታ ነው!» አስባለ።

አላሰረውም፤ አልገረፈውም። ቃሉ ብቻ በቂ ነበር። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ተቀባበሉት። ከሁሉ ቀድማ የደገመችው ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ዘርፌ ነበረች።

የጤፍ አጨዳ ደረሰ። ገሠሠ እንደ አገሩ ልማድ ደቦ ጠራ፤ ሚስቱም ጠላ ጠመቀች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው አልመጣም። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲያጭዱ፣ በሦስተኛው ቀን በረዶ ያዘለ ደመና በተራራው ላይ ተከመረ። የዓመት ቀለባቸው ያ ማሳ ብቻ ነበር።

ዘርፌ በዚያ ስታልፍ የገሠሠ ሚስት ቀና ብላ፣ «ዘርፌ፣ አምና ያንቺን ማሳ ያጨደልሽ ይኸው ሽፍታ አልነበረም እንዴ?» አለቻት።

ዘርፌ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ከዚያም ወደ ቤቷ ሮጣ ማጭዷን ይዛ ተመለሰች። የአገረ ገዥው ጭቃ ሹም ማሳው ዳር ቆሞ ጠበቃት።

«ወዴት ነው ዘርፌ? አንቺም ልትሸፍቺ?»

«ለመሆኑ ሽፍታ ምን ያደርጋል?»

«ይዘርፋላ! ጫካ ይገባል።»

«ገሠሠ ምን ዘረፈ?»

«ምንም። ጌታችንን ተቃወመ እንጂ።»

«እንግዲያው ተቃዋሚ በሉት! እህሉ በበረዶ ካለቀ ግን ጫካ የምናስገባው እኛው ነን። በል ዞር በል፤ ደመናው አንተን አይጠብቅም።»

ገባች። ይህን ያዩ ስድስት ጎረቤቶች ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሏት። በረዶው ሲወርድ የማሳው ገሚስ ታጭዶ ተከምሮ ነበር። የቀረውን ያጠፋው በረዶው ብቻ አይደለም፤ ሦስት ቀን የዘገየው ኅሊናችንም ነው።

ሽፍታ የሰው ሀብት ይቀማል። ተቃዋሚ ፊት ለፊት ቆሞ «ይህ ልክ አይደለም» ይላል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ገዥ መልስ ያጣ ገዥ ነው። ቢሆንም እሱ ቃሉን ያስነገረው አንዴ ነው፤ ከቤት ቤት ያዞርነው እኛ ነን። የሚያዞረው ቢያጣ ኖሮ እዚያው ገበያው ላይ ይቀር ነበር።

እናንተስ፣ ምን እንዳደረገ ሳትጠይቁ ሽፍታ ያላችሁት ሰው ማሳ አሁን እንዴት ሆኖ ይሆን?