የማያሰክረው ጠላ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ግማሽ ጆንያ ቡና በጀርባዋ እንደተጫነች ከሲራራ ነጋዴ ጠፍታ ጫካ ገባች። ጭነቷን ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ አራገፈች፤ እዚያው ጎጆ ቀለሰች። የጌታዋ ሚስት ጠላ ስትጠምቅ እያየች ያደገች ናትና ጋን ፈልጋ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። በሰኮና እንዴት ጋን ይታጠናል ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እሱ ተረት መስማት አይችልበትም።

ጠላዋ ብዙም ሳይቆይ ስም አወጣ። ጎሹም ከርከሮውም ዝንጀሮውም እየመጡ ይጠጣሉ። መጀመሪያ ይዘፍናሉ፣ ቀጥለው ይጣላሉ፣ በመጨረሻ ይተኛሉ። ሲነቁም ገብስ ያመጡላታል። የጠጪን ጠባይ እመት አህያ አሳምራ አወቀችው። ጭነት የለ፣ ዱላ የለ፤ ኑሮዋ ደላት።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ቀበሮ መጣችና ጆንያውን እየዞረች ታሸትተው ጀመር።

«እመት አህያ፣ ይሄን ቡና ምን ልታደርጊው ነው?»

«እኔ እንጃ። ተሸከምኩት እንጂ ቀምሼው አላውቅም።»

«እንግዲያው ከአሻሮው ገብስ ጋር ቆልተሽ ጠላው ውስጥ ጨምሪው። ጠላ ያስተኛል፣ ቡና ያነቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ አንዱን ያጠፋዋል። የማያሰክር ጠላ ወጣልሽ ማለት ነው! አገር ምድሩ ይጎርፍልሻል። ለእኔ ለመካሪሽ ደግሞ በየቀኑ አንድ ዋንጫ ትቀጂልኛለሽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

ቀበሮ ብዙ ጊዜ ተሳስታ ታውቃለች፤ ግን አፏ ይጣፍጣል። እመት አህያም ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የለመደችውን ጠላ ትታ ከቡናው ከፊሉን ቆላች፣ ወቀጠች፣ ጋኑ ውስጥ ሞጀረችው። ጠላው ሲደርስ ጥቁርና መረር ያለ፣ ሽታው ግን ከሩቅ የሚጣራ ሆነ። ቀበሮ በየጉብታው እየወጣች «የማያሰክር ጠላ! እንዳሻችሁ ጠጥታችሁ ቀጥ ብላችሁ የምትሄዱበት!» እያለች ለፈፈች።

ልፈፋውን ከሁሉ ቀድሞ የሰማው አያ ጅቦ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ አያ ጅቦ የአህያዋን ጎጆ አያውቀውም ነበር። አሁን አወቀው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከተፍ አለና ደጃፉ ላይ ተጎለተ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እውነት ነው።

«ቁርበት አንጥፊልኝ!» አለ። «ያንን የማያሰክረውን ጠላም ቅጂልኝ። ከዚያ በኋላ አንቺን እበላለሁ።»

ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ገባች። እመት አህያ ብቻዋን ቀረች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ባል እንኳ የላት። እንዳትሮጥ ከፊቷ ጅቡ፣ ከኋላዋ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ወንዙ። ያን ሁሉ ዘመን ስትጫን ኖራ፣ ነፃነቷን በቅጡ ሳታጣጥም መሞቷ አንገበገባት። ቢሆንም በጠላዋ ትተማመናለች። «ጎሽ እንኳ ይተኛ የለም? ይሄም ይተኛልኛል። ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ነው» አለች በልቧ።

«ኧረ በደስታ፣ አያ ጅቦ!» አለችው ድምጿን አለስልሳ። «ሥጋ ያለ መጠጥ ጉሮሮ ያንቃል። አስቀድመህ ጠጣ።»

«አይ ባለሙያ!» አለና ጨለጠው። ደገመ። ሠለሰ። ወዲያው መዝፈን ጀመረ። «ደህና» አለች አህያ። ከዚያ ከገዛ ጥላው ጋር ተጣላ። «እሰይ! እንግዲህ የቀረው እንቅልፉ ነው።»

እንቅልፉ ግን አልመጣም። ዓይኑ ፈጠጠ። ልቡ እንደ ከበሮ ሲደልቅ እሷ ድረስ ይሰማል። ስለ አያቱ አወራ፣ ስለ አያቱ አያት አወራ፣ አንድ ጊዜ ከነእርካቡ ስለበላው ኮርቻ አወራ።

«ጋደም አትልም፣ አያ ጅቦ?»

«ጋደም? እኔ? ከተወለድኩ እንዲህ ነቅቼ አላውቅም! ቀበሮ እውነቷን ነው፤ አያሰክርም። ቅጂ!»

ያኔ ቡናው ትዝ አላት። የጅቡን እንቅልፍ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ወቅጣ አጥፍታዋለች። ወደ ቁጥቋጦው የወረወረችው ዓይን ቅጠሉን ሊያቃጥለው ምንም አልቀረው።

«እስቲ እይኝ» አለ አያ ጅቦ ብድግ ብሎ፤ «የሰከረ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?» ጥቂት ተራመደና ከጋኑ ጋር ተላተመ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም» አለው ጋኑን። ከዚያ ወደ አህያዋ ዞረ። ፊቱ በደስታ በራ።

«እንዴ! ሁለት ናችሁ?»

እመት አህያ ዘወር ብላ አየች። ማንም የለም። «ብቻዬን ነኝ» ልትል አፏን ከፈተችና እግሮቹን አየቻቸው፤ አራቱም በየፊናቸው ሊሄዱ ተለያይተዋል። ለካ ቡናው ዓይኑን ገለጠው እንጂ ስካሩን አልነካውም! ሰክሯል፤ መስከሩን ግን አላወቀም።

«እኅቴ ናት» አለች።

«ቅድም የት ነበረች?»

«እዚሁ ነበረች። ዓይንህ ገና ስላልነቃ አላየሃትም።»

«እንዴት ያለ ጠላ ነው! የተደበቀ አህያ ያሳያል!»

«ለመሆኑ በየት በኩሌ ቆመች? ቀበጥ ናት፣ አንድ ቦታ አትረጋም።»

«በግራሽ፣ አጠገብሽ።»

እመት አህያ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ እያለች፣ ገደሉ በግራዋ እስኪሆን ድረስ ወደ አፋፉ ተጠጋች።

«አሁንስ?»

«አሁንም በግራሽ ናት።»

በግራዋ ያለው አየር ብቻ ነበር። ልቧ ከጅቡ ልብ ብሶ ይመታል።

«አያ ጅቦ፣ እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፤ ጭነት ያደረቀኝ አጥንት ነኝ። እኅቴ ግን ከተወለደች ጭነት አታውቅም፣ ገላዋ ቅቤ ነው። አደራህን እሷን አትንካብኝ!»

አትንካ ሲባል የተወ ጅብ የት ይገኛል? «እሷን አሁን፣ አንቺን ለራት!» ብሎ ተወረወረ።

እመት አህያ ዓይኗን ጨፈነች። ከሁለቱ እውነተኛዋን ከያዘ አለቀላት። ነፋስ በጆሮዋ አጠገብ ሽው አለ። ጥቂት ቆይቶ ከሥር የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማ፤ አስከትሎም «ያዝኳት! ያዝኳት! ... የት ሄደች?» የሚል ጩኸት። ወንዙም አያ ጅቦን እያንከባለለ ይዞት ወረደ።

በሕይወት አለች! ጅራቷን ሰቅላ ጫካው እስኪያስተጋባ አናፋች። ቀበሮም ቅጠሏን እያራገፈች ብቅ አለች።

«አላልኩሽም? ቡናው አዳነሽ!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለቻት አህያ። «ጅቡንስ ማን ጠራው? ነገ በየጉብታው ትወጪና እውነቱን ትለፍፊያለሽ። ያለዚያ ዋንጫሽን እርሺው።»

ቀበሮ ዋንጫዋን ትወዳለች። በማግስቱ ጅራቷን ቆልፋ «ጠላው ያሰክራል! ቡናው እንቅልፍ ይነሳል! ቀላቅሎ የጠጣ ሰክሮ ያፈጣል!» እያለች ዞረች። እንስሳቱ በሳቅ ተንከባለሉ። ከዚያ ጠላውን ለብቻው፣ ቡናውን ለብቻው ሊጠጡ ወደ አህያዋ ጎጆ ጎረፉ፤ ሲዘፍኑም ዋሉ።

አያ ጅቦስ? ከወንዙ ማዶ ራሱን እያመመው፣ እንቅልፍ እንደናፈቀው፣ ዓይኑ ፈጦ ቁጭ ብሎ ነበር ያነጋው። ጠዋት ያገኘችው ጦጣ «ምነው አያ ጅቦ፣ ሰክረህ ነበር እንዴ?» ብትለው ተቆጣ።

«እኔ? ሰካራም እኮ ይተኛል! እኔ ዓይኔን አልከደንኩም። ሁለት አህያ አግኝቼ ነበር፤ ወፍራሟ ዋና ታውቃለች መሰለኝ፣ አመለጠችኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቡና የሰካራምን ዓይን ቢያፈጥም አእምሮውን ግን እንደማይመልስለት ነው።