የተኛው ላፕቶፕና ያላገባችው ትርንጎ

አስቀድሞ ይቅርታ ይጠየቃል። ነገሩ የመንግሥት ሥራን የሚመለከት ስለሆነ በቀልድ መነገር አልነበረበትም፤ በቁም ነገር እንዳይነገር ደግሞ የሚያምን አይገኝም። ስለዚህ በተረት ወግ ይቅረብ፤ ቅር የሚለው ካለ ጆሮውን ይያዝ።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። የምትፈልገው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር፤ ያላገባች መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት። ያላገባ ማስረጃ የሌለው ሰው ማግባት አይችልምና። እጮኛዋ ደምሰው ምስክሮቹን አሰልፎ ክብር መዝገብ በር ላይ ይጠብቃታል። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። ዛሬ ካልተፈራረሙ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው መንገዱ ብቻ ነው።

በጠዋት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስትደርስ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዘርፌ ወረቀቱን በኮምፒውተሯ ጽፋ ጨርሳ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ታዲያ አይታተምልኝም?»

«የኔ እናት፣ ፕሪንተሩ እኮ ኃላፊው ቢሮ ነው፤ ወረቀት እንዳይባክን ተብሎ። እዚያ ካሉት ሶኬቶች አንዱ ተቃጥሏል። በቀረው ላይ የኃላፊው ላፕቶፕ ቻርጀር ተሰክቷል።»

«ይንቀሉታ!»

«ውይ! ላፕቶፑ ተኝቷል እኮ! ባትሪው ደግሞ የሞተ ነው፤ ሲነቀል ድርግም ይላል፤ ኃላፊው ያላስቀመጡት ሥራ ሁሉ ይጠፋል።»

ትርንጎ በበሩ አሾለቀች። እውነትም ከባዶው ወንበር ፊት ላፕቶፑ ተኝቷል፤ ትንሿ መብራቱ ብልጭ ትላለች፣ ትከስማለች፣ ደግሞ ብልጭ ትላለች። ድሮ ኃላፊ ሲወጣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይሄድ ነበር። ባለጉዳይም ኮቱን አይቶ «አሉ፣ እዚሁ ናቸው» ብሎ ይጠብቃል። ዘመን ሲሠለጥን ኮት መስቀል ቀረና ላፕቶፕ ማስተኛት መጣ። መብራቷ ብልጭ ካለች ኃላፊው አሉ፤ ካላለች የሉም።

ስልኳ ጮኸ። ደምሰው ነው። «የት ደረስሽ?»

«ምን ላድርግ ደሜ? ፕሪንተሩ ያለ ሶኬት አያትምም፤ ሶኬቱ ቻርጀሩን አይለቅም፤ ቻርጀሩ ላፕቶፑን አይተውም፤ ላፕቶፑ ተኝቷል፤ እኔም ያለ ወረቀት አላገባም።»

«አንቺ ልጅ፣ ልታገቢኝ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ ልታስተምሪኝ?»

ላፕቶፑን ማጥፋት የሚችሉት ኃላፊው አቶ ጌጤነህ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። ትርንጎ ወደ አዳራሹ ሮጠች። በር ላይ ጥበቃው ጋሽ አውላቸው ወንበራቸውን መግቢያው ላይ ገትረው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ኃላፊውን ለአንድ አፍታ ብቻ ይጥሩልኝ።»

«ስብሰባ ጥሎ የሚወጣ ኃላፊ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ትርንጎ ሰላምታም አልሰጠችው። «ፕሪንተሩ ያለ ሶኬት አያትምም፤ ሶኬቱ ቻርጀሩን አይለቅም፤ ቻርጀሩ ላፕቶፑን አይተውም፤ ላፕቶፑ ያለ ኃላፊው አይጠፋም፤ ኃላፊው ስብሰባ ጥለው አይወጡም፤ እኔም ያለ ወረቀት አላገባም!»

«ምስክሮቹ ርቧቸዋል» አለ ደምሰው። «ወንድሜማ ‹ያላገባች መሆኗን በዚህ አያያዟ ማንም ያምናል› እያለ ይስቅብኛል።»

ይኼኔ ቃለ ጉባኤ ያዡ አቶ ምንውዬለት አየር ሊቀበሉ ወጡ። ትርንጎ ክራባታቸውን ልትይዝ ምንም አልቀራት።

«ስብሰባው ምንድን ነው እንዲህ የማያልቀው?»

«መብራት ስለመቆጠብ ነዋ። ላፕቶፕ ከሥራ በኋላ ምን ይሁን ነው አጀንዳው። አንዱ ወገን ይተኛ ይላል፤ ነካ ሲያደርጉት ብድግ እንዲል። አንዱ ወገን ሃይበርኔት ያድርግ ይላል፤ የያዘውን ሁሉ በሆዱ ይዞ መብራት ሳይበላ እንዲያድር። ጭራሽ ይጥፋ የሚልም አለ፤ እሱ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነው።»

«ታዲያ ካልተስማማችሁ አትበተኑም?»

«ባለመስማማታችን ከተስማማን ቆየን። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ግን ማን ይበትነናል?»

«ይፈረማ!»

«ሳይታተም?»

«ይታተማ!»

አቶ ምንውዬለት በሐዘኔታ አዩአት። «ልጄ፣ ፕሪንተሩ ሶኬት የለውም እኮ።»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ፕሪንተሩ ያለ ሶኬት አያትምም፤ ሶኬቱ ቻርጀሩን አይለቅም፤ ቻርጀሩ ላፕቶፑን አይተውም፤ ላፕቶፑ ያለ ኃላፊው አይጠፋም፤ ኃላፊው ስብሰባ ጥለው አይወጡም፤ ስብሰባው ያለ ቃለ ጉባኤ አይበተንም፤ ቃለ ጉባኤው ያለ ፕሪንተር አይታተምም፤ ፕሪንተሩም ያለ ሶኬት... ኧረ በሕግ አምላክ! እንዲህ ሲዞር ደምሰው ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል።

ብድግ አለች። ወደ ኃላፊው ቢሮ ተመልሳ ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ጋሽ አውላቸውን ከነወንበራቸው ዘልላ አዳራሹ ገባች።

«ምንድን ነው ይሄ? ስብሰባ ላይ ነን!» አሉ አቶ ጌጤነህ።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ይቅርታ። ለእጮኛዬ ለምን እንደዘገየሁ በፎቶ ልልክለት ነበር። ቢሮዎ አምሮ መውጣቱን ይዩልኝ ብዬ ነው።»

አዩት። ወንበሩ ባዶ ነው። ላፕቶፑ ተኝቷል። በተከፈተው በር በኩል የሚታየው ባለጉዳይ ግድግዳ ተደግፎ እሱም ተኝቷል።

«ለ... ለእጮኛሽ ብቻ ነው?»

«እሱ ለሾፌር ጓደኞቹ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላማ አገር ነው።»

ያን ጊዜ ፎቶው ኃላፊውን አስደነገጠ፤ ኃላፊው ስብሰባውን ጥለው ሮጡ፤ ላፕቶፑን ቀስቅሰው አጠፉ፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን ተወ፤ ቻርጀሩ ሶኬቱን ለቀቀ፤ ሶኬቱ ፕሪንተሩን ተቀበለ፤ ፕሪንተሩ አጉረመረመና የትርንጎን ወረቀት ተፋ፤ ወረቀቱ ተፈረመ፤ ማህተሙ ጧ አለ። ትርንጎም ፎቶውን እፊታቸው አጥፍታ በረረች። ደምሰው የጋብቻ መዝገቡን ሲፈርም የመኪናው ሞተር እየሠራ ነበር ይባላል።

አቶ ጌጤነህ ግን በዚያው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ሶኬቱን ፕሪንተሩ ስለያዘው፣ ባለጉዳይ በበሩ አንገቱን ብቅ ያደርግና ላፕቶፑ ላይ መብራት ያጣል። «የሉም» ብሎ ይመለሳል። «አለሁ! ኧረ አለሁ!» ይላሉ፤ ማን ይመናቸው። ሲመሽ ባለጉዳዩ ሁሉ ተበትኖ ነበር፤ ያልተበተነው ስብሰባው ብቻ ነው።

ይህን የሰማ ለሌላ እንዳይደግመው በትሕትና ይለመናል፤ በተለይ ስብሰባ ላይ ላሉ። ስብሰባው ሲያልቅማ ችግር የለውም፤ ያኔ የምንነግረው ሰው በሕይወት አይኖርም።