የተኛው ዳኛ

አንድ ጊዜ ጅብ የአንዲት አህያ ውርንጭላ በላ። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ሌላ አህያ ብትሆን ነፍሴ አውጪኝ ብላ በሮጠች ነበር፤ እሷ ግን አንጀቷ አርሮ መንገዱን ዘጋችና «በአንበሳ አምላክ! ፍርድ ሳላገኝ ንቅንቅ እንዳትል!» አለችው።

ጅብ ሆዱ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም። የአንበሳ ስም ሲጠራ ባለበት ቀጥ አለ። ይሄኔ ወሬ የማያመልጣት ቀበሮ ከች አለች።

«ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ተቆራኝተው ይሄዳሉ፤ ወጉ ነው» አለችና የሁለቱን አንገት በአንድ ሰንሰለት አሰረች። «ንጉሡ እዚያ ከፈረሰው ግቢ ተጋድመው እያረፉ ነው። እስኪነሡ መጠበቅ ነው።»

አህያዋ ከልጇ ገዳይ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋች ሄደች። አፉ ይሸታል፤ የምን ሽታ እንደሆነም ታውቃለች። ፍርዱን ልይ እንጂ እያለች ቻለችው።

አንበሳው እውነትም አገጩን መዳፉ ላይ ጥሎ ተጋድሟል። ሰዎች ግቢውን ለቀው ሲሄዱ ትተውት የሄዱት የነሐስ ሐውልት ነበር። ይህን የምታውቀው ቀበሮ ብቻ ናት፤ እሷም ከጅቡ አፍ የሚተርፋትን ትርፍራፊ እያሰበች ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

ሁለት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የጅቡ ሆድ ይጮህ ጀመር።

«እመት ቀበሮ፣ መቼ ነው የሚነሡት?»

«ሲበቃቸው ነዋ፣ አያ ጅቦ!»

በዚህ መሀል አንዲት ወፍ የአንበሳውን ዓይን ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ዓይኑ አልተርገበገበም። አህያዋ ይህን አይታ አንበሳው ሕይወት ያለው መሆኑን ተጠራጠረች።

«እመት ቀበሮ፣ ክሴን ትቻለሁ። ፍቺኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ምነው፣ ልጅሽን ረሳሽው እንዴ?» አለች ቀበሮ፣ ሆን ብላ ጮክ ብላ።

ይህን ስትሰማ አህያዋ ራሷን መግዛት አቃታት። «ንጉሥ ሆይ፣ ስለ ልጄ ተነሡልኝ!» ብላ ተደፋች። ግንባሯ መዳፉን ሲመታው ነሐሱ እንደ ባዶ ድስት ጮኸ።

ጅቡ እየፈራ ተጠጋና «ጌታዬ?» አለ። መልስ የለም። ጆሮውን ነከስ አደረገው፤ አሁንም ዝም። ቀስ ብሎ ወደ አህያዋ ዞረ።

አህያዋ ልትሸሽ ዘለለች፤ ሰንሰለቱ አጭር ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሚሰማ ዳኛ መኖሩን ሳያጣራ ከበዳዩ ጋር በአንድ ሰንሰለት ለመታሰር አንገቱን የሚሰጥ ተበዳይ፣ ፍርድ አገኛለሁ ባለበት ቦታ ዳግመኛ እንደሚበደል ነው።