የአንድ ቅርጫት ፍግ ነገር

አባቴ ነፍሱን ይማርና፣ «ጸልይ፤ ስትጸልይ ግን ቅርጫትህን ይዘህ» ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ እግዚአብሔር ድንች የሚያዘንብ መስሎኝ ሰማይ ሰማይ አይ ነበር።

ካረጀሁ በኋላ የለመንኩት ግን ድንች አይደለም። ፍግ ነው። ሰው ልጅ ይለምናል፣ ጤና ይለምናል፤ እኔ ሁዳዴው እኩል ላይ ሲደርስ፣ ቅዳሴ ቆሜ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ አንድ ቅርጫት ፍግ» አልኳት። ምን ላድርግ? ጎመኔ ቢጫ ሆነ።

ጎመኑ የእኔ ብቻ አይደለም። ወንዙ ዳር ስድስት ቤት ሆነን ነው የተከልነው። በከረጢት ማዳበሪያ አናበቅልም፣ መርዝ አንረጭም፣ የሰፈሩ ሰው ሳይጠግብ ለነጋዴ አንጭንም፣ የአንድ እስር ጎመን ዋጋም ለድሃውም ለጌታውም እኩል ነው ተባባልን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጎመኑ ሲገረጣ ወደ እኔ ዞሩ። «አያ አለልኝ፣ እስከ ሆሳዕና ካልለመለመ ማኅበሩ ይፍረስ። እኛም ወደ ከረጢታችን፣ አንተም ወደ ዝምታህ።»

ቅርጫቴን ይዤ ትብለጥ ዘንድ ሄድኩ። ከስድስታችን ላም ያላት እሷ ብቻ ናት።

«እቴ ትብለጥ፣ አንድ ቅርጫት ፍግ።»

«ላሚቱ ሣር ሳትበላ ምን ትጣል? ጸሎት? ሣር አምጣና ፍግ ውሰድ።»

«እንዴ! ደንባችን እጅ ለእጅ አይደለም እንዴ? ያለው ለሌለው እየሰጠ፣ ተያይዘን ልንሄድ አይደለም?»

ገባችና የማኅበሩን ደብተር ይዛ ወጣች። «እጅ በእጅ ይላል። በ! ሣር በፍግ፣ ፍግ በሣር። ጽሕፈቱ ያንተው ነው።»

ሦስተኛ ክፍል ስለደረስኩ ጸሐፊ ያደረጉኝ እኔን ነው። ያቺን ለ አናቷን ደፍጥጬ በ አድርጌያታለሁ። ተሳሳትኩ ማለት ሲገባኝ አፈርኩና፣ «አዎ፣ በ ነው ያልኩት» አልኩ።

ላሚቱ ፍግ አልጥልም አለች፤ ጎመኔም አልድንም አለ።

ማኅበርተኛችን መምሬ ቸኮል ዘንድ ሄድኩ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያየ የለም። ግቢያቸው ውስጥ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በመስቀላቸው አሳለሙኝና፣ «ሣሩስ የእግዚአብሔር ነው። ማጭዱ ግን እንደ እኔ ጥርሱ ረግፏል። በምላሴ ልጨደው?» አሉ።

«አባቴ፣ የርስዎ ምላስ ቢያጭድማ አገሩ ራሰ በራ ይሆን ነበር።»

ሳቁ፤ ግን አልተበገሩም። «ደንቡን ማን ጻፈው? እጅ በእጅ። ማጭዱን ጥርስ አሠርተህ አምጣ፣ ሣሩን ውሰድ።»

ቄሱ ሣር አላጭድም አሉ፤ ላሚቱ ፍግ አልጥልም አለች፤ ጎመኔም አልድንም አለ።

ማጭዱን ይዤ ሌላው ማኅበርተኛ፣ ባለወናፉ አበጋዝ ዘንድ ሄድኩ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ወናፉ አጠገብ ተጋድሞ ጣራ ይቆጥራል።

«አበጋዝ፣ ተነሥና ለዚህ ማጭድ ጥርስ አውጣለት።»

«መዶሻ የሚያነሣው ክንድ መሰለህ? ምሳ ነው። ሚስቴ የሺመቤት ደግሞ ምሳ አልሠራም ብላለች። አንተ ምሳ አስበላኝ፣ እኔ ጥርስ አወጣለሁ። እጅ በእ-ጅ!» ደንቤን በዜማ አወረደልኝ፣ ውሻ።

ባለወናፉ ጥርስ አልሠራም አለ፤ ቄሱ ሣር አላጭድም አሉ፤ ላሚቱ ፍግ አልጥልም አለች፤ ጎመኔም አልድንም አለ።

በጓሮ ዞሬ የሺመቤት ዘንድ ሄድኩ።

«የሺዬ፣ ለባልሽ ምሳ ሥሪለት በእመቤቴ።»

«አልሠራም! አንድ ወር ሊሞላው ነው፤ ሽሮ አምጪ፣ ሽሮ አምጪ እያለ የድስቴን ቂጥ ጨረሰው። ዛሬ ደግሞ ‹ሽሮ ሰለቸኝ› አይለኝም? እንግዲህ ጎመን ይምጣ፣ እሠራለሁ።»

«የማን ጎመን?»

«የኛ ነዋ! መርዝ ያልነካው እያልክ አገር ያደነቆርክበት። ጎመን አምጣ፣ ምሳ ውሰድ። እጅ በእጅ አይደል፣ አያ አለልኝ?»

ሚስቲቱ ምሳ አልሠራም አለች፤ ባለወናፉ ጥርስ አልሠራም አለ፤ ቄሱ ሣር አላጭድም አሉ፤ ላሚቱ ፍግ አልጥልም አለች፤ ጎመኔም አልድንም አለ። ምሳው ደግሞ ያለ ጎመን አይሆንም!

ዞሬ ዞሬ ደጄ። ጎመን ለማዳን ጎመን ቸገረኝ። ባዶ ቅርጫቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩና፣ «እመቤቴ» አልኩ፣ «አንቺም እጅ በእጅ ልትይኝ ነው? እኔ ምን አለኝ? ቢጫ ጎመንና የተደፈጠጠች ፊደል ነው ያለኝ።»

አሜን ሳልል ከገበያ የሚመለስ ሰው መጣ። አላውቀውም፤ የሩቅ አገር ሰው ነው። አራት አህያ ይነዳል። የፊተኛዋ አህያ እደጄ ስትደርስ ቆመች። አየችኝ። አየኋት። ጅራቷን አነሣች።

አህያ ማኅበርተኛ ነው። ሦስቱም እሷን ሲያዩ ቆሙና የየድርሻቸውን አዋጡ። ደንብ አልጠየቁ፣ ደብተር አልገለጡ።

ሰውዬው አፍሮ መሬት ልትውጠው ደረሰች። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ፣ እጅ ነሥቶ አንድ ነገር አለኝ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ ያዘኝ። በሁለት እጄ እያፈስኩ ቅርጫቴን ስሞላ ሲያይ እብድ መሰልኩትና አህዮቹን እያጣደፈ ሄደ። እግዜር ይስጠው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ፍጉን በርሜል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አቅጥኜ የስድስታችንንም ጎመን አጠጣሁ። ሆሳዕና ሳይደርስ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። የመጀመሪያውን እስር ለየሺመቤት ወሰድኩላት።

«በምን ለውጥ?» አለችኝ።

«እኔም ከአህያ በነፃ ነው ያገኘሁት፤ ዝም ብለሽ ቀቅይ።»

ጎመኑ ዳነ፤ ሚስቲቱ ምሳ ሠራች፤ ባለወናፉ በላና ጥርስ ሠራ፤ ቄሱ ሣር አጨዱ፤ ላሚቱ በላች፣ ጠገበች፣ ጣለች። ሲነጋ ትብለጥ ሁለት ቅርጫት ፍግ ተሸክማ በሬን አንኳኳች፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

በሆሳዕና ማግሥት ስድስታችንም ጎመኑ መሃል ተሰበሰብን። ተነሥቼ የመንገደኛውንና የአህዮቹን ነገር አወራሁላቸውና፣ «ለ ነበር ያልኩት። በ ብሎ የጻፈው እጄ ነው፣ በ ብሎ የዋሸው አፌ ነው» አልኩ።

«እሱንማ ያን ጊዜም እናውቃለን» አለች ትብለጥ። «መቼ ታምን ይሆን ብለን ነው እንጂ።»

መምሬ ቸኮል እህ፣ እህ ብለው ሳሉ። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል።

እጅ በእጅ የሚለውን ሰረዝነው። በቦታው ምን እንጻፍ ሲባል አበጋዝ፣ «ያ መንገደኛ ያለህን ጻፈው፤ ከኛ መሃል እንደሱ ሰጥቶ ይቅርታ የጠየቀ የለም» አለ። ጻፍኩት፤ የሺመቤት ፊደሉን አንድ በአንድ አየችልኝ። ዛሬ አሥራ አራት ቤት ሆነናል። አዲስ የገባ ሁሉ ደብተሩን ሲገልጥ ግራ ይገባዋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ደንብ በሚጻፍበት ቦታ፣ የሰውዬው ቃል እንዳለ ተጽፏል፦

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አህያዬ ደጅዎን አበላሸችብዎት።»