ውሃ የያዘ እጅ

አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። አዎ፣ ጠላ። እንደሱ አትዩኝ፤ ታሪኩ ስለ ጠላ አይደለም።

ጓሮዋ የውሃ ጉድጓድ አላት። ከጓሮዋ ዝቅ ብሎ ወንዝ፣ ከወንዙ ራስጌ የቆዳ ፋብሪካ። ፋብሪካው ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ ይለቃል። አንድ ክረምት የጉድጓዱ ውሃ ቆዳ ቆዳ መሽተት ጀመረ። ጠላውም ሸተተ። ደንበኛ አንድ ሁለት እያለ ቀረ። ሦስት ልጅ የምታሳድገው በዚያ ጠላ ነው። ጉድጓዱ ከተበላሸ ምን ቀራት? ምንም።

ታዲያ የመንግሥት ሰዎች መጡ። አዲስ ደንብ ሊወጣ ነው፣ ሕዝቡ ምን ይላል ብለው አዳራሽ ሰበሰቡ። ደንቡ አጭር ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ አይለቅም፤ ማጣራቱንም የሚመረምረው መንግሥት ነው፣ ፋብሪካው ራሱ አይደለም። በቃ።

የፋብሪካው ሠራተኞች በር ላይ ቆመው ለገባው ሁሉ የታሸገ ውሃ ያድላሉ። "ሙቀት ነው፣ ጠጡ፣ ጠጡ!" ደግ ሰዎች፣ አይደል?

የፋብሪካው ተወካይ ተነሳ። "ወንዙ ንጹሕ ነው። በላቦራቶሪ አስመርምረናል።"

ጠላ ሻጯ ከኋላ፣ "በማን ላቦራቶሪ?" አለች።

"በራሳችን፣ እናቴ። ዘመናዊ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ጠላ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። በእኔ አፍ ጠላዬ አንድ ቀን ጎምዝዞ አያውቅም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቅማ ቀላል ነው! ሰብሳቢው "ደንቡን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" ሲል ስንት እጅ ወጣ? አንድ። የእሷ። የሳቁትስ? በቀደም "ውሃው ገደለን" ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶቿስ? መሬት መሬት ያያሉ።

ዞር ብላ አየቻቸው። ሁሉም ውሃውን ታቅፏል። የሰው ውሃ እየጠጡ በሰውየው ላይ እጅ ማውጣት? ይሉኝታ ያዛቸው።

አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ "ጋሽ ደምሰው" አለቻቸው፣ "ወንዙ ንጹሕ ከሆነ ከዚያው ቀድተው ለምን አላጠጡንም? ይሄን በመኪና ምን አስጫናቸው?"

ሽማግሌው ውሃውን አዩት። ተወካዩን አዩት። ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ከኋላ አንድ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ኳ አለ። ከፊት ኳ። ከጎን ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እጅ በእጅ ሆነ አዳራሹ።

ደንቡ ወጣ ወይ ትሉኛላችሁ። "ጥናት ላይ ነው" ይባላል። ማን እንደሚያጠናው እንጃ። እሷ ግን አሁንም የመንግሥት ቢሮ ድረስ እየሄደች ትጠይቃለች።

እናንተስ? ጉቦ ዓይን ያሳውራል ሲባል ሰምተን አድገናል። እጅም እንደሚይዝ ማን ነገረን? ስጦታ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ሰጪው ለምን አሁን መጣ? ለምን ደንብ ሊወጣ ሲል? ለምን እኛ ጋ? ጠይቁ። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ወንዙን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ እሱ እንኳን ሰጠኋችሁና ዝም በሉ አላለንም።

ለኛም ከድልድዩ በላይ የቆዳ ፋብሪካ እየተሠራልን ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የታሸገ ውሃ ሲታደል ነበር። ተቀበላችሁ? እኔም ተቀብያለሁ፣ ይኸው። ማን ላከው ብሎ የጠየቀ አለ?

የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያንኑ ደንብ የምንደግፍበት የፊርማ ወረቀት መውጫው ላይ ነው። እስክሪብቶ አለ። የእኔን ውሃ እዚሁ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ስትወጡ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ባዶ አድርጉ።