አድማጭ ያጣ ቋንቋ

የሸማኔ ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን እንደ ምላጭ የተሳለ። ኮሌጅ ገብታ የስፓኒሽ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ስትመርጥ ሰፈሩ ሁሉ ጉድ አለ። አባቷ እንኳ «ከማን ጋር ልታወሪበት ነው ልጄ?» ብለው ነበር። እሷን ግን የግጥሙ ዜማ ልቧን ሰርቋታልና ንቅንቅ አላለችም።

አንድ ቀን የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አቶ ደምመላሽ፣ ማይክሮፎን ከጨበጡ መልቀቅ የማያውቁት ሰው፣ መምህሩንም ተማሪውንም አዳራሽ ሰብስበው ስለ ራእያቸው ሲያወሩ ረፈደ። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ነገራቸው መጡ።

«የስፓኒሽ ትምህርት ክፍል ሊዘጋ ነው!» አሉና ወደ ክፍሉ ብቸኛ ተማሪ፣ ወደ ሸማኔው ልጅ ጠቆሙ። «እስቲ አንቺ ተነሺ! ከአስተማሪሽ በቀር በስፓኒሽ ስታወሪ የሚያዳምጥሽ አንድ ሰው ከዚህ አዳራሽ ጥሪ። ካገኘሽ ክፍሉ አይነካም። ካጣሽ ግን ከነገ ጀምሮ አካውንቲንግ ትገቢያለሽ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አዳራሹን ቃኘችው። ግማሹ ያንቀላፋል፤ ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«እሺ ክቡር ፕሬዚዳንት፤ ግን ታላቅ ይቅደም» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ በአማርኛ ሲናገሩ ያዳመጠዎትን አንድ ሰው ይጥሩና እኔም እጠራለሁ።»

ፕሬዚዳንቱ ደማቸው ፈላ። ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ምክትላቸው ዞረው «አቶ ጥጋቡ! እስካሁን ምን ስል ነበር?» ብለው ጮኹ።

ምክትሉ ከእንቅልፋቸው ባንነው ማጨብጨብ ጀመሩ። ንግግሩ ያለቀ የመሰለው አዳራሽም ተከትሎ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ልጅቷ እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦

«አድማጭ ያጣ ሁሉ ይዘጋ ከተባለ፣ ከማይክሮፎኑ ይጀመር፤ ስፓኒሹ ወረፋውን ይጠብቃል።»